ሸካራው ድምፅና የተጣለው ካሴት

በሪያድ እምብርት፣ ከቀስር አል-ሑክም እና ከኢማም ቱርኪ ቢን ዐብዱላህ ጃሚዕ ጥቂት እርምጃ ርቆ በሚገኘው ሱቅ አዝ-ዘል፣ ከምንጣፍና ከቢሽት ነጋዴዎች ጎን የአሮጌ ዕቃ ሱቆች አሉ። ከሰይፉ፣ ከመዳብ ትሪውና ከቡና ደላው መካከል የእንጨት ሣጥን ያላቸው ሬዲዮኖች፣ ግራሞፎኖችና ቴፕ ሪከርደሮች ተደርድረው ይታያሉ። በከተማይቱ ደቡብ ባለው ሐራጅ ኢብን ቃሲም ደግሞ ይኸው ዕቃ አቧራውን እንደ ለበሰ በክርክር ይሸጣል። ከሃያ ዓመት በፊት ማንም ዞር ብሎ የማያየው ማሽን ዛሬ በመላው ዓለም ፈላጊ አግኝቷል። ከፈላጊዎቹ ብዙዎቹ ማሽኑ ሲመረት ገና ያልተወለዱ ወጣቶች ናቸው። የሚፈልጉትም ጥራቱን አይደለም፤ ሸካራነቱን ነው።

የዚህ ፍላጎት አንዱ ምንጭ ፋንክ የተባለው የሙዚቃ ስልት ነው። ፋንክ በ1960ዎቹ አጋማሽ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ጥቁሮች ዘንድ፣ ከሁሉ በላይ በጄምስ ብራውን ባንድ እጅ መልክ የያዘ ነው። በፋንክ ዜማው ሳይሆን ምቱ ይመራል፤ ቤዝ ጊታሩና ድራሙ ይነጋገራሉ፣ ነፋስ መሣሪያዎቹ አጫጭር ቃል ጣል እያደረጉ ያልፋሉ። የዚያ ዘመን ሸክላዎች ሲደመጡ ድምፁ ጥቂት ይሰነጠቃል፤ ድራሙ በዘፋኙ ማይክሮፎን ውስጥ ሾልኮ ይሰማል፤ ከሥሩም የቴፑ ሽውታ አይጠፋም። ይህን ድምፅ መልሶ ለማግኘት ቆርጠው ከተነሡት መካከል በ2001 በኒውዮርክ ብሩክሊን የተቋቋመው ዳፕቶን የተባለ አሳታሚ ይገኛል። ኮምፒዩተር በየቤቱ በገባበት ዘመን ዳፕቶኖች ባለ ስምንት መስመር ቴፕ ይዘው፣ ባንዱን በአንድ ክፍል አቁመው ይቀርጹ ጀመር። እንግሊዛዊቷ ኤሚ ዋይንሃውስ በ2006 ለዓለም ያሰማችው ባክ ቱ ብላክ የተባለ አልበም ላይ የተጫወቱት ከእነርሱ ዘንድ የተገኙ ሙዚቀኞች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ፋሽን ሆነ።

ለአማርኛ ተናጋሪው የሚያስገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። የሸካራው ድምፅ ፈላጊዎች ከአሜሪካ ቀጥሎ ዐይናቸውን የጣሉት በአዲስ አበባ ላይ ነው። ከኒውዮርክ ስታተን አይላንድ የተነሣው ቡዶስ ባንድ የኢትዮጵያን ቅኝት ከፋንክ ጋር አዋህዶ በዚያው በዳፕቶን ያሳትም ነበር። በፓሪስ አካለ ውቤ የተባለ የፈረንሳዮች ባንድ ተቋቁሟል። በለንደን ሂሊዮሴንትሪክስ የተባሉት ሙዚቀኞች በ2009 ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር አንድ አልበም ሠርተዋል። የእነዚህ ሰዎች መማሪያ መጽሐፍ ከ1969 እስከ 1978 ባሉት ጥቂት ዓመታት በአዲስ አበባ የታተሙት ሸክላዎች ናቸው።

እነዚያ ሸክላዎች እንዴት እንደ ተሠሩ ማወቅ ለክርክሩ ዋና ነገር ነው። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። በ1969 ዓምሃ እሸቴ የተባለ የሙዚቃ ቤት ባለቤት፣ ገና ወጣት ሳለ፣ ይህን ብቸኛ መብት ሳይጠይቅ ጥሶ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አሳተመ። ዓምሃ ማተሚያ ፋብሪካ አልነበረውም። የተቀረጸው ቴፕ መጀመሪያ ወደ ሕንድ፣ በኋላም ወደ ሊባኖስ ተልኮ እዚያ ሸክላ ሆኖ ይመለስ ነበር። በስድስት ዓመታት ውስጥ ከ100 የሚበልጡ ትንንሽ ሸክላዎችን አሳትሞ በ1975 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ሥራውን በይበልጥ ያስቀጠለው ዓሊ አብደላ ካይፋ ነበር፤ በመርካቶ አካባቢ የሙዚቃ ሰው ሁሉ በሱቁ ስም ዓሊ ታንጎ ብሎ የሚያውቀው ነጋዴ። ካይፋ ሪከርድስ በ1975 ያወጣው የማህሙድ አህመድ «ኧረ መላ መላ» በ1986 በቤልጂግ አገር እንደ ገና ታትሞ ለአውሮፓ ጆሮ የኢትዮጵያን ሙዚቃ ያስተዋወቀው ሸክላ ሆነ። ማህሙድ በ1941 በአዲስ አበባ የተወለደ፣ በልጅነቱ ሊስትሮ የነበረ፣ በአሪዞና ክበብ በጉልበት ሥራ ተቀጥሮ ሳለ በአንድ ምሽት መድረክ ላይ ወጥቶ የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ድምፃዊ ለመሆን የበቃ ሰው ነው። በ2007 የቢቢሲ የዓለም ሙዚቃ ሽልማት ሲሰጠው ዓለም እንደ አዲስ ግኝት ያወራለት፣ በአገሩ ግን ከአርባ ዓመት በላይ የዘፈነ አንጋፋ ነበር።

የቀረጻው ሁኔታ እንዲህ ነበር፦ ማይክሮፎኑ ጥቂት፣ የቴፑ መስመር አንድ ወይም ሁለት፣ ጊዜው አጭር። ሁሉም በአንድ ክፍል ይቆማሉ፤ ትራምፔቱ የሚጮህ ከሆነ ማሽኑን የሚነካ ማንም የለም፣ ነፊው ራሱ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። አንዱ ከተሳሳተ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራሉ፤ ወይም ስሕተቱ እንዳለ ሸክላ ላይ ይገባል። በ1976 አይቤክስ ባንድ ያለ ዘፋኝ የተጫወተውን አልበም የቀረጸው በራስ ሆቴል አዳራሽ ነው፤ ቀራጩም የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ የውጭ አገር ባለሙያ ነበር። ስቱዲዮ ስላልነበረ የሆቴል አዳራሽ ስቱዲዮ ሆነ። ትንሹ ሸክላ በአንድ ፊቱ ከአራት ደቂቃ እምብዛም ስለማይዝ ረጅሙ ዘፈን ለሁለት ተከፍሎ፣ መካከሉ ላይ ተቈርጦ፣ ሸክላው ሲገለበጥ ይቀጥል ነበር። ዛሬ «የድሮው ውበት» የሚባለው ሁሉ ከዚህ ዓይነት እጥረት የተገኘ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያለ ማመንታት መነገር አለበት። ለቴፕ ምሥጢራዊ ኃይል የሚሰጡት ሰዎች ተሳስተዋል። ቴፕ ማለት በብረት ዝገት ደቃቅ የተቀባ የፕላስቲክ ጥብጣብ ነው፤ ድምፁ በዚያ ደቃቅ ላይ በማግኔት ኃይል ይጻፋል። ድምፁ ከልክ ሲያልፍ ደቃቁ ከዚያ በላይ መሸከም ስለማይችል ጫፉን ያለሰልሰዋል፤ በድምፁም ላይ ያልነበሩ ተጨማሪ ቃናዎችን ያክልበታል። ጆሮ ይህን «ሙቀት» ብሎ ይወደዋል። በመሐንዲስ ቋንቋ ግን ጉድለት ነው፤ የዚያ ዘመን ቀራጮችም ሊያስወግዱት እንጂ ሊያበዙት አይታገሉም ነበር። የአዲስ አበባ ሙዚቀኞች ከእጃቸው የሚገባውን አዲሱን መሣሪያ ሁሉ ይሹ ነበር፦ ኤሌክትሪክ ኦርጋኑን፣ ሙላቱ ከውጭ ይዞት የመጣውን ቫይብራፎን፣ ጊታርን እንደ ሰው የሚያስለቅሰውን በእግር የሚረገጥ መሣሪያ። አሮጌ ድምፅ የፈለገ አልነበረም። ዛሬ በኮምፒዩተር ጥርት አድርጎ ቀርጾ፣ በኋላ የቴፕ ሽውታ የሚጨምር ፕሮግራም ገዝቶ የሚጭን ወጣት ከእነርሱ የወረሰው ቆሻሻውን ነው፤ ሥራውን አይደለም።

ዳፕቶኖችን ከአስመሳዮቹ የሚለያቸውም ይኸው ነው። ስምንት መስመር ብቻ ያለው ቴፕ ሰው ውሳኔውን አስቀድሞ እንዲወስን ያስገድደዋል። በኮምፒዩተር መቶ መስመር ተከፍቶ «በኋላ እናየዋለን» ማለት ይቻላል። በቴፕ ግን ማን የት እንደሚቆም፣ ምን እንደሚጫወት፣ መቼ ዝም እንደሚል ከቀረጻው በፊት መታወቅ አለበት፤ ባንዱም ዜማውን በቃሉ ይዞ መምጣት አለበት። ጥቅሙ ሰዎቹን ከማዘጋጀቱ ላይ ነው። ይህን ዲሲፕሊን በስልክ እየቀረጹም ቢሆን መጠበቅ ይቻላል፤ ብዙዎች ግን ማሽኑን መግዛት ይቀላቸዋል።

የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ነገሩን በግልጽ ያሳያል። ኃይሉ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ነበር። በደርግ የሰዓት እላፊ ዘመን እንግዳው እስኪነጋ ከሆቴሉ መውጣት ስለማይችል ባንዱ ሌሊቱን ሙሉ ይጫወት ነበር። በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ኃይሉ እዚያው ዋሽንግተን ቀረ። በ1985 ብቻውን ሆኖ በልጅነቱ የተማረውን አኮርዲዮን ከሙግ ሲንተሳይዘር፣ ከሮድስ ፒያኖና ከምት ማሽን ጋር አዋህዶ አንድ ካሴት ሠራ። ካሴቱ በኢትዮጵያ ተሸጠ፤ ከዚያም ተረሳ። ኃይሉም ለኑሮው በዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ያሽከረክር ጀመር፤ ደንበኛ እስኪመጣ ድረስ በመኪናው ኋላ ያስቀመጠውን ትንሽ ኪቦርድ እያወጣ ይለማመድ ነበር። በ2013 አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ያን ሥራ ባሕር ዳር ውስጥ ከአንድ ሱቅ አግኝቶ፣ ባለቤቱን በስልክ ፈልጎ፣ እንደ ገና አሳተመው። ሰብሳቢው ገቢውን ከሙዚቀኞች ጋር እኩል እንደሚካፈል ይናገራል። ኃይሉ በስድሳዎቹ ዕድሜው ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ።

በዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። ዛሬ «ጥንታዊ» ተብሎ የሚደነቀው ካሴት ሲሠራ የምት ማሽን የገባበት፣ የዘመኑ አዲስ ሥራ ነበር። ሁለተኛውና የሚያሳስበው ደግሞ ካሴቱ የተረፈው በአጋጣሚ መሆኑ ነው። የባሕር ዳሩ ሱቅ ያን ቀን ተዘግቶ ቢሆንስ? ባለ ሱቁ ካሴቱ ላይ ሌላ ነገር ቀድቶበት ቢሆንስ? ለአንድ ኃይሉ መርጊያ ስንት ስማቸው ያልታወቀ ጠፍተዋል?

ከቀይ ባሕር ማዶ ያለው ሌላ ምሳሌ ከዚህም ይከብዳል። ሱዳናዊው ከማል ኬይላ በ1992 ለአገሩ ሬዲዮ የቀረጻቸው የፋንክ ዘፈኖች፣ ስለ ሙስሊሞችና ክርስቲያኖች አብሮ መኖር የሚናገረውን ጨምሮ፣ በ2018 ሀቢቢ ፋንክ በተባለ የበርሊን አሳታሚ ታተሙ። ቴፖቹ ወጥተው መባዛታቸው መልካም ሆነ። በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ሲፈነዳ የኦምዱርማን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሕንፃ ለአሥራ አንድ ወራት ያህል የውጊያ ሥፍራ ሆኖ ቆየ። የሱዳንን የዘመናት ድምፅ የያዘው መዝገብ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ነበር።

እስከዚህ ያነበበ ሙስሊም አንባቢ ተገቢ ጥያቄ ይኖረዋል፦ ይህ ሁሉ የዘፈን ጉዳይ አይደለምን? ዑለማዎች በሙዚቃ መሣሪያ ላይ ያላቸው አቋም የታወቀ ነው። የአራቱ መዝሀቦች አብዛኞቹ ሊቃውንት ከልክለዋል፤ ኢብን ሐዝም በ«አል-ሙሐላ» የክልከላውን ማስረጃዎች ደካማ አድርጎ ፈቅዷል፤ ኢማም አል-ገዛሊም በ«ኢሕያእ» ስለ ሰማዕ ሰፊ ምዕራፍ ጽፈው ነገሩን በየሁኔታው ከፋፍለው ተመልክተዋል። ያን ክርክር መፍታት የጋዜጣ ዓምድ ሥራ አይደለም። የተያዘው ጉዳይ ግን ከዘፈን ይሰፋል፤ ስለ ቴፕ ነው፣ ቴፕ ደግሞ የዘፋኞች ብቻ ሆኖ አያውቅም።

የሂጃዝ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ በማሽን ከተቀረጸባቸው አጋጣሚዎች አንዱ ከ1906 እስከ 1909 በጅዳ የነበረው ነው። በዚያን ጊዜ ሆላንዳዊው ስኑክ ሁርግሮንየ ወደ አገሩ ቆንስላ ፎኖግራፍ ልኮ በሰም ጥቅልሎች ላይ የተቀረጸው ድምፅ ዛሬ በላይደን ዩኒቨርሲቲ ይገኛል፤ በውስጡም የቁርኣን ቲላዋ አለበት። ከዚያ የሚበልጠው ታላቅ ሥራ የተፈጸመው በካይሮ ነው። ግብፃዊው ለቢብ አስ-ሰዒድ ታላላቆቹ ቃሪኦች አንድ በአንድ ሲያልፉ አይተው በ1959 ቅዱስ ቁርኣን ሙሉ በሙሉ በድምፅ እንዲሰበሰብ ሐሳብ አቀረቡ። አርአያቸው ግልጽ ነበር፤ ከየማማ ጦርነት በኋላ ቁርኣንን በቃላቸው የያዙ ብዙ ሶሓቦች ሲሠው ሙስሐፉ በአቡበክር (ረዲየላሁ ዐንሁ) ዘመን ተሰበሰበ፣ አሁን ደግሞ ንባቡ መሰብሰብ አለበት አሉ። ስለዚሁ ሥራ የጻፉትን መጽሐፍም «የመጀመሪያው የድምፅ ጥንቅር» ብለው ሰየሙት። የሼኽ መሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ ሙሉ ሙረተል በ1961 በሸክላ ታትሞ ወጣ። የአላህ ቃል ከማንም ዜማ ጋር አይነጻጸርም፤ ይሁንና የተቀረጸበት መሣሪያ ያው መሣሪያ ነበር፤ አስተዋይ ሰውም ድምፅ አላፊ መሆኑን ተረድቶ በጊዜው ደረሰበት።

በኢትዮጵያ ሙስሊሞች ዘንድ በጊዜው ያልተደረሰበት መንዙማ ነው። ወሎ በዳና፣ በጌታ፣ በጀማ ንጉሥና በሌሎችም የዕውቀት ማዕከሎች ዙሪያ ለብዙ ዘመን የተቀኘው የነቢዩ (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) ውዳሴ፣ ዱዓውና ተግሣጹ፣ በዐረብኛም በአማርኛም በዐጀም ፊደል የተጻፈ፣ ከተጻፈው ግን በሰው አንደበት የኖረው የሚበልጥ ቅርስ ነው። በጅማና በሐረርም የየራሱ መልክ አለው። መንዙማን በመርሕ የማይቀበሉ ወንድሞች አሉ፤ ሐሳባቸው የታወቀ ነው። ሆኖም ለአማርኛ ቋንቋና ለእስልምና በኢትዮጵያ ታሪክ ማስረጃ መሆኑን የሚክድ የለም። ካሴት ሲመጣ ይህ ሀብት ካሴት ላይ ገባ። የሼኽ ሙሐመድ አወል ሐምዛ ካሴቶች ከደሴ እስከ ጅዳ በብዙ ቤት ተሰምተዋል። ከታወቁት ይልቅ ግን ያልታወቁት ይበዛሉ፤ በመውሊድ፣ በሰደቃ፣ በሐድራ ላይ አንድ ሰው ቴፕ ሪከርደሩን ምንጣፍ ላይ አስቀምጦ የቀረጻቸው።

እነዚያን ቀረጻዎች የሰማ ሰው ከላይ ስለ አዲስ አበባ ሸክላዎች የተባለው ሁሉ በእነርሱ ላይ መኖሩን ያስተውላል። አንድ ማይክሮፎን፣ አንድ ክፍል፣ ሁሉም በአንድነት። አውጪው ሼኽ ቅርብ ነው፣ ተቀባዩ ሕዝብ ራቅ ይላል፤ የድቤው ምት ሲበረታ ቴፑ ይጨናነቃል፣ ድምፁ ይሰነጠቃል። ከበስተኋላ የሚያስል አለ፣ ስኒ የሚያቃጭል አለ፣ «ሶሉ ዐለ ነቢ» የሚል ሽማግሌ አለ። የጀማው ስፋት፣ የቤቱ ግድግዳ፣ ሰው ሲመሰጥ የሚሰጠው ምላሽ ሁሉ ቴፑ ውስጥ ገብቷል። በቅርብ ዓመታት በስቱዲዮ የሚሠሩ አንዳንድ መንዙማዎች ግን ሌላ ናቸው። አንድ ሰው የራሱን ድምፅ አሥር ጊዜ ደራርቦ ጀማ አስመስሎ ይሠራል፤ የሳተውን ዜማ ኮምፒዩተር ያቃናለታል። ውጤቱ ጥርት ያለ ነው፤ ተቀባይ ግን የለውም። መንዙማ ደግሞ ያለ ተቀባይ ግማሽ ነው። ወጣት የመንዙማና የነሺዳ አዘጋጆች ከፋንክ ሰዎች የሚማሩት ነገር ቢኖር ጀማውን ወደ ክፍሉ መመለስ ነው፤ የሽውታውን ፕሮግራም መግዛት አያስፈልጋቸውም።

ሪያድ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሷ ሥፍራ አላት። የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ ሪያድ የካሴት ከተማ ነበረች፤ የዘፈን ካሴት ሱቅና «ተስጂላት ኢስላሚያ» የተባሉት የኹጥባና የቲላዋ ሱቆች በየሠፈሩ ነበሩ። ለሥራ የመጣ ኢትዮጵያዊም ከአገሩ ሲወጣ ካሴት በሻንጣው ይዞ ይመጣ ነበር፤ ስልክ ውድ በነበረበት ጊዜ ደግሞ ካሴት ደብዳቤ ነበር። እናት በደሴ ወይም በከሚሴ ሆና ቴፑ ላይ ትናገራለች፣ ትመርቃለች፣ ታለቅሳለች፤ ልጅ በሪያድ ሆኖ ይሰማል፣ ከዚያም በዚያው ካሴት ላይ ምላሹን ቀድቶ ይልካል። በዚያው ካሴት ላይ፤ ይኸውም የእናቲቱ ድምፅ ተደምስሶ ማለት ነው።

ካሴት ለመደምሰስ የቀለለ ነው። በጀርባው ያሉት ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ከተሰበሩ ማሽኑ እንደ ገና አይቀዳበትም፤ ፋብሪካዎች የታተሙትን ካሴቶች ጥርሳቸውን ሰብረው የሚሸጡት ለዚህ ነው። ሰዉ ደግሞ በቀዳዳው ወረቀት እየወተፈ ወይም ፕላስተር እየለጠፈ ይቀዳበት ነበር፤ ባዶ ካሴት ውድ ነበርና። ስንት መንዙማ ከዘፈን ሥር፣ ስንት ዘፈን ከኹጥባ ሥር እንደ ተቀበረ አላህ ብቻ ያውቃል።

የተረፈውንም የሪያድ በጋ ይጨርሰዋል። ከ45 ዲግሪ በሚያልፍ ሙቀት በቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ ካሴት ሣጥኑ ይጣመማል፤ ጥብጣቡ ይሳባል። እርጥበት ባለበት በጅዳ ደግሞ የብረቱን ደቃቅ ከፕላስቲኩ ጋር የያዘው ማጣበቂያ ይላላል፣ ሻጋታም ይበቅላል። ቴፑ በጥቅልሉ ላይ ብዙ ዓመት ሲቀመጥ የአንዱ ዙር ድምፅ በቀጣዩ ዙር ላይ ይታተማል፤ ተናጋሪው ቃሉን ሳይጀምር የቃሉ ጥላ አስቀድሞ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ማሽኖቹም እያለቁ ነው፤ የሚጠግናቸው ሰው ደግሞ ከማሽኖቹ ቀድሞ እያለቀ ነው።

ስለዚህ ከሱቅ አዝ-ዘል ወይም ከሐራጅ ኢብን ቃሲም ደህና ቴፕ ሪከርደር ገዝቶ የሚገባ ወጣት ካለ፣ ድምፁን ለማሸከር ከሚያውለው ይልቅ ለዚህ ቢያውለው ይሻላል። ሥራው ሰው እንደሚፈራው ከባድ አይደለም። የማሽኑ የንባብ ራስ በአልኮል በራሰ ጥጥ ይጠረጋል። ካሴቱ ሻጋታ ካለው ማሽኑ ውስጥ አይገባም፤ ማሽኑንም ቀጣዩንም ካሴት ያበላሻልና ለባለሙያ ይቆይ። በጥብጣቡ ጀርባ ያለችው ትንሽ ስፖንጅ መኖሯ ይታያል፤ ከወደቀች ድምፁ ይደክማል፣ ከማይረባ ካሴት አውጥቶ መተካት ይቻላል። ከሁሉ በፊት ግን ጥርሶቹ ይሰበሩ። ከዚያ ካሴቱ አንድ ጊዜ ወደ ፊት፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ይጠቀለላል፤ ማሽኑ በሽቦ ከኮምፒዩተር ጋር ይገናኝና ሳይጨመቅ፣ በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ይቀዳል። ስልክን ከድምፅ ማጉያው ፊት አስቀምጦ መቅዳት አይበቃም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ «ላጽዳው» ብሎ ሽውታውን በፕሮግራም መላጥ ነው፤ ከሽውታው ጋር የድቤው ቆዳ፣ የሼኹ ትንፋሽና የጀማው ርቀት አብረው ይወጣሉ። የጸዳ ቅጂ ለማድመጫ ይሠራ፤ ያልተነካው ግን እንዳለ ይቀመጥ።

የግለሰብ ጥረት ብቻውን አይዘልቅም። ሪያድ ውስጥ ዳራህ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ የጥናትና የመዛግብት ተቋም የሳዑዲ ሽማግሌዎችን ቃል በድምፅ እየቀረጸ የሚያስቀምጥ የቃል ታሪክ ክፍል አለው። ጅዳም በአል-በለድ ሠፈር የአቀናባሪውን የጣሪቅ ዐብዱልሐኪምን ቅርስ በስሙ በተሰየመ ማዕከል ጠብቃለች። የኢትዮጵያ ሙስሊሞች ማኅበረሰብ በአዲስ አበባም በደሴም በውጭም ምሁር አያጣም፣ ገንዘብ ያለው ነጋዴም አያጣም። የጎደለው ይህን ከቁም ነገር የሚቆጥር ነው። ለኢትዮጵያ ዘፈን ሸክላዎች ከ1997 ጀምሮ ኢትዮፒክስ በሚል ተከታታይ ኅትመት የደረሰላቸው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነበር። ምስጋና ይገባዋል። ግን ለመንዙማ የውጭ ሰው እስኪመጣ መጠበቅ ያሳፍራል፤ ከመጣም ጥያቄው ይከተላል፦ የሼኹ ቤተሰብ ፈቅዷልን? ገቢው ለማን ነው? በዒባዳ ስሜት የተባለ ቃል በሽያጭ ገበያ እንዲቀርብ ባለቤቶቹ ይወዱታልን? እነዚህን የሚመልሱት የአገሬው ሰዎች አስቀድመው ሰብስበው፣ ስም ጽፈው ከተገኙ ብቻ ነው።

ስሙ ከድምፁ ባልተናነሰ ይቸኩላል። ባለ ሁለት ፊት ካሴት ላይ «መንዙማ፣ ወሎ» ተብሎ በቢክ ከተጻፈ በኋላ የተጨመረ ነገር እምብዛም አይገኝም፤ አውጪው ማን እንደ ሆነ፣ መንደሩ የት፣ ዓመቱ መቼ፣ ሰደቃው የማን እንደ ነበር አይታወቅም። እነዚያን ድምፆች ሰምተው «ይህማ እገሌ ነው፣ ይህ የእገሌ ቤት ነው፣ ያቺ የምታወጣው አክስታችን ናት» የሚሉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ዛሬ በመንፉሓም፣ በጅዳም፣ በከሚሴም አሉ። ካሴቱ በኮምፒዩተር ከገባ በኋላ ሃያ ዓመት ሊጠብቅ ይችላል። እነርሱ ግን ከፊታቸው ተቀምጦ፣ ብዕር ይዞ፣ ቴፑን እያስቆመ የሚጠይቃቸው ሰው የሚያስፈልጋቸው በዚህ ዓመት ነው።